በስልኩ ሱቅ ውስጥ የቆሙት ሦስት ሰዎች

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ ዳባት ለተዝካር ሄጄ ስመለስ፣ ደባርቅ መናኸሪያ ከሚኒባስ የወረድሁት ረፋድ ላይ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ የልጅ ልጄ ሕሊና ዕቃ የምታከማችበትን መጋዘን ታክኮ ያልፋል። በመጋዘኑ በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዳኛ እስኪጠራው እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ተቀምጧል። ቀረብ ብዬ ባየው አይቸው ነው።

አይቸው ከሳንቃ በር በታች ባለች መንደር የሚኖር፣ በፓርክ ጠባቂነት ሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በልጅነቱ ዳዊት ስለ ደገመ ንባብ አይቸግረውም። እኔ በደባርቅ ገበያ ባና የምሸጥ ነጋዴ ሳለሁ ተዋውቀን ሠላሳ ዓመት አልፎናል። ለማያውቀው አንባቢ፣ ባና ማለት ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አይቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

«እንደምን አረፈዱ አያ አሻግሬ» ብሎ ሊነሣ ሲል ትከሻውን ይዤ አስቀመጥሁት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ባለቤትዎ ወይዘሮ ባንቻየሁስ እንደምን አሉ?»

«እንዳለች ናት። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። አሁን ደግሞ ከመተኛት ብዛት ጀርባዋ ተልጦ ቆስሏል። ነርሷ ስንቄ መጥታ አይታት፣ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ላይ ካልተኛች ቁስሉ እስከ አጥንት ይዘልቃል አለችን።»

«ታዲያ ፍራሹ አልተገኘም?»

«ተገኝቷል እንጂ። ይኸው እዚህ ውስጥ ነው» አለና ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። «ጎንደር ያለችው ልጃችን ሊድያ ገንዘቡን ልካልኛለች። እንዴት እንደሚገዛም አንድ በአንድ አሳይታኛለች። ፊቴ ሰዎች ስላሉ ተራዬ አልደረሰም እንጂ።»

«የምን ሰዎች?»

«እርስዎ ራስዎ ይዩ።»

አየሁ። ስልኩ ውስጥ የሚታየው ሱቅ እንደ እውነተኛ ሱቅ በር አለው። በሩን በጣት ሲነኩት ይከፈታል፤ ጣትን ወደ ላይ ሲገፉ ደግሞ ሰው በእግሩ እንደሚሄድ ሁሉ መደርደሪያው በግራና በቀኝ ያልፋል። ከጥግ አንድ ሰማያዊ ፍራሽ ተዘርግቷል። ከፍራሹ አጠገብ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ባርኔጣ ያደረገ ጎልማሳ ነው፤ አንዱ ሻንጣ ያነገተ ወጣት ነው፤ ሦስተኛዋ ነጠላ የለበሰች ሴት ናት። ከራሳቸው በላይ በቀይ ቀለም «ይህን ዕቃ አሁን ሦስት ሰዎች እያዩት ነው። የቀረው አንድ ብቻ ነው» የሚል ተጽፏል።

ሱቁ የሕሊና መሆኑን አወቅሁ። አይቸው ግን አላወቀም። በዚያ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ከደባርቅ ወዲያ ኔትወርክ ስለማይታመንና በረንዳው ጥላ ስላለው ብቻ ነበር።

«ስንት ቀን ጠበቁ?» አልሁት።

«ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። በየሦስት ቀኑ በጭነት መኪና እወርዳለሁ፤ መኪና ካጣሁም በእግሬ። ከፍቼ አያለሁ፤ እዚያው ናቸው። ያቺ ነጠላ የለበሰችው ግን እንዴት ያለች ናት? ጧት ባየው አለች፤ ከሰዓት በኋላ ባየው አለች። አትገዛም፣ አትሄድም። ባለ ባርኔጣው እንኳ አንዳንዴ እግሩን ይለውጣል።»

«ለምን አልቀደሟቸውም? ጣት ማሳረፍ ብቻ እኮ ነው።»

አይቸው ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ አስተያየቱ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ከእኔ የማይጠበቅ ነገር በመስማቱ ግን ጥቂት ያዘነ መሰለኝ።

«ሊድያም እንዲያ አለችኝ። እሷስ ልጅ ናት። እርስዎ ግን የገበያ ሰው ነዎት። አንድ ሰው ዕቃ ይዞ ሲጠይቅ ሌላው በጎኑ ገብቶ ዋጋ ይጠራል? ይዞት የነበረው እስኪያስቀምጠው ቆሞ ይጠብቃል እንጂ። ይህ ደግሞ ጨው ወይም ሳሙና አይደለም፤ የበሽተኛ መኝታ ነው። ይህን ፍራሽ ቆሞ የሚያይ ሰው ሁሉ ቤቱ የተኛ ሰው አለው። የእነሱ በሽተኛ ከባንቻየሁ የባሰ ቢሆንስ? የቀረው አንድ ብቻ ነው ይላል።»

«ወይዘሮ ባንቻየሁስ ምን አሉ?»

«እሷማ ከእኔ ትብሳለች። ከደባርቅ በተመለስሁ ቁጥር፣ ያቺ ሴት እናቷ ታማባት ይሆናል፣ ለእሷ ይሁንላት፣ እኔ ለጊዜው ገለባው ይበቃኛል ትላለች።»

አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ሰዓት እኔ ምን እንደ ሆንሁ ለመግለጥ ወደ ኋላ ሁለት ዓመት መመለስ ይኖርብኛል።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ከልጄ ከየትናየት ደብተር ነው። ስለዚህ የየትናየት ልጅ ሕሊና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ጨርሳ በመጣች ጊዜ፣ «አባባ፣ እርስዎ በገበያ ሳሉ ገዢ እንዳያመነታ ምን ያደርጉ ነበር?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ የተማረ ሰው ከእኔ ሊማር መጣ ብዬ ደረቴ ተነፋ። የአጎቴን ልጅ የገዱን ነገር አጫወትኋት። ገዱ በገበያ ቀን ከባናዬ ፊት ይቆማል። ባናውን ይዳስሳል፣ ያገላብጣል፣ «ይህንማ ለማንም አትስጥብኝ፣ ገንዘብ ይዤ መጣሁ» ይላል። ይህን የሰማ መንገደኛ ገዱ ሳይመለስ ለመግዛት ይጣደፋል። ሕሊና ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች፤ እኔም ሳቅሁ። በሦስተኛው ወር ባርኔጣ ያደረገውን ሰው በስልክዋ ውስጥ አቁማ አሳየችኝ። «ይኸው ገዱ» አለችኝ። እኔም መረቅኋት።

እንግዲህ በዚያ በረንዳ ላይ በአይቸውና በፍራሹ መካከል የቆሙት እነዚያ ሦስት ሰዎች የእኔ ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

«ተነሡ፣ ወደ ውስጥ እንግባ። የሱቁን ባለቤት አውቃታለሁ» አልሁት።

«ተራ ጥሶ ማለፍ እንዳይሆንብን።»

«አይሆንም። ይግቡ።»

ሕሊና ከጠረጴዛዋ ተነሥታ ሁለታችንንም ጉልበት ስማ ተቀበለችን። አይቸውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። እሱ የሱቁ ባለቤት እሷ መሆኗን ሲሰማ ፊቱ ፈካ።

«የእኛው ልጅ ነሽ? እሰይ፣ ተመስገን። እንግዲያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ቅር እንዳይልሽ። ፍራሹን የሚያዩትን ሦስቱን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ? ቸኩለው እንዲወስኑ አይደለም። በሽተኛቸው እንዴት እንዳለ ብቻ ብትጠይቂልኝ። ከባንቻየሁ የተሻለ ከሆነ ይለቁልኝ እንደ ሆነ ብዬ ነው።»

ሕሊና በመጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ከንፈሯ ለሳቅ ተከፈተ። ዞር ብላ እኔን ባየች ጊዜ ግን ሳቁ እዚያው ቀረ።

«ጋሼ አይቸው፣ ፍራሹን የፈለጉት መቼ ነው?»

«አሥራ አንድ ቀኔ።»

ሕሊና ከጠረጴዛው በስተጀርባ ያለውን በር ከፈተች። በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰማያዊ ፍራሾች ተጠቅልለው እስከ ጣራው ተደርድረዋል። አይቸው በበሩ ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠራቸው። አሥራ ሰባት ነበሩ።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«የሚሸጡ ናቸው።»

«አንድ ብቻ ነው የቀረው ይል አልነበረም?»

«ይላል፣ ጋሼ። እንዲያ የሚለው ሁልጊዜ ነው።»

«ሰዎቹስ?»

«ሰዎች የሉም። ሥዕል ናቸው። እኔ ነኝ ያቆምኋቸው።»

አይቸው በዝግታ ተመልሶ ከወንበር ላይ ተቀመጠ። የተታለለ ሰው ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን አፈረ። ያጠፋው እሱ ይመስል ዓይኑን ከእኛ አሸሸ፣ የጋቢውን ጫፍ ጎትቶ አፉን ሸፈነ።

«ከሥዕል ጋር ተራ ስጠብቅ ነው የሰነበትሁት ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መንደሩ ሲሰማ ምን ይለኝ ይሆን? ከሁሉ የከፋው ግን ለባንቻየሁ ምን እላታለሁ? ትናንት ነርሷ ቁስሉን ስትጠርግ ጣቷ ገባ።»

የመጨረሻዋን ቃል የተናገረው ለራሱ ነበር። ሕሊና ግን ሰማች።

ከዚህ በኋላ የተነጋገሩትን እንደ ሰማሁት አቀርባለሁ። ሕሊና የልጅ ልጄ ብትሆንም አልደብቅላትም፤ ወዲያው ጥፋቷን አላመነችም። ሐፍረት በያዘው ሰው ላይ እንደሚደርሰው ሁሉ መጀመሪያ የተናገረችው ራሷን ለመከላከል ነበር።

«ጋሼ አይቸው፣ በጣም አዝናለሁ። ነገር ግን እርስዎ እንዲጠብቁ ብዬ አልሠራሁትም። ሰው ስልኩን ከፍቶ ዕቃውን ያያል፣ ይወደዋል፣ ነገ እገዛለሁ ይላል፣ ይረሳዋል። የሚያስፈልገው በሽተኛ ግን እንደ ተኛ ነው። እነዚህን ሰዎች ካቆምሁ ወዲህ ገዢው በዚያው ሰዓት ይወስናል። በእነሱ ምክንያት በጊዜ ፍራሽ የደረሰው ቤት ብዙ ነው። ደግሞም በከተማ ያሉ ትልልቅ ሱቆች ሁሉ ይህን ያደርጋሉ። እኛ ብቻ ብንተው ማን ይገዛናል?»

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወዲያው የሚገዛው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«እንዳይቀደም የሚፈራ ሰው።»

«መቀደምን የሚፈራ ሳይሆን መቅደምን የሚያፍር ሰው ሲመጣስ?»

ሕሊና ወደ ፍራሾቹ ዞር አለች፤ አይቸው ግን ቀጠለ።

«እኔ ሞኝ ስለ ሆንሁ ነው የተታለልሁት ትይኝ ይሆናል።»

«አላልሁም፣ ጋሼ።»

«ብትይም እውነትሽን ነው። ቢሆንም በዚህ አገር እንደ እኔ ያለው ሞኝ ስንት እንደ ሆነ ታውቂያለሽ? የገዛው ሰው ይታይሻል። ቆሞ ቆሞ የተመለሰው ግን ከየት ይታይሻል?»

ሕሊና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች። በዚያ መሣሪያ ውስጥ ዕቃውን ከፍቶ ያየ ሰው ሁሉ፣ ስንት ጊዜ እንዳየው ጭምር ተመዝግቦ ይቀመጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከፍተው ያልገዙትን ሥራ ፈቶች ናቸው ብላ ታልፋቸው ነበር። አሁን በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች።

«ይህ አምስት ጊዜ ከፍቷል። ይህ ሰባት። ከመካነ ብርሃን አንድ ሰው ዘጠኝ ጊዜ ከፍቶ ዘግቶታል። ስልክ ቁጥሩ እዚህ አለ።»

«ደውይለታ» አላት አይቸው።

ደወለችለት፤ እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሰውዬው አለምነህ እባላለሁ አለ፤ አባቱ በሽባነት የተኙበት ገበሬ ነው።

«ፍራሹን ለምን ሳይገዙ ቀሩ ብዬ ነው» አለች ሕሊና።

«እመቤቴ፣ አትቀየሚኝና ልንገርሽ» አለ አለምነህ። «አንድ ብቻ ቀርቷል ይላል። እኛ ገበያ ስንወጣ ከመንጋው መጨረሻ የሚቀረው አንድ በግ ምን ዓይነት እንደ ሆነ እናውቃለን። ሰው ሁሉ መርጦ መርጦ የተወው፣ ወይ ዓይኑ የፈሰሰ ወይ እግሩ የሰለለ ነው። ፍራሹም ቀዳዳ ያለው ነው ብዬ ፈራሁ። አዲስ እስኪገባ ብዬ ስጠብቅ ያው አንዱ አሁንም አላለቀም። ይኼኔ ጥርጣሬዬ ባሰ።»

አይቸው በጋቢው ውስጥ ሳቀ። ሕሊና ግን አልሳቀችም። ለአለምነህ ፍራሾቹ አሥራ ሰባት እንደ ሆኑ፣ ሁሉም አዲስ እንደ ሆኑ፣ ያንን ጽሑፍ የጻፈችው እሷ እንደ ሆነች፣ ልክም እንዳልነበረ ነገረችው። አለምነህም «እንግዲያ አንዱን አስቀምጭልኝ። እውነቱን ከነገርሽኝ ከአንቺ ነው የምገዛው» አላት።

ስልኩን ዘግታ ሱቁን በኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተች።

«ሌላም አለ» አለች። «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ማንም እንዳያታልልዎ ሁሉንም ልንገርዎ። ከዕቃው ሥር የሚቆጥር ሰዓት አይተዋል? ጊዜው ሲያልቅ ዋጋው ይጨምራል ይላል። አይጨምርም። ዘግተው ሲከፍቱት እንደ ገና ከመጀመሪያው ይቆጥራል። እውነተኛ ሰዓት ተመልሶ አይጀምርም፤ በዚህ ይለዩታል። ‹አንድ ቀረ› የሚለውን ደግሞ ሌላ ዕቃ ከፍተው ይዩ፤ በሁሉም ላይ አንድ ከቀረ ውሸት ነው። ከታች ያለው የገዢዎች ምስጋና ግማሹ አብሮኝ የሚሠራው ታደለ የጻፈው ነው። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት አነጋገር ከተጻፈ አይመኑት። የሚያስቸኩልዎ ሱቅ ባገኙ ጊዜ ስልኩን ዘግተው አንድ ቀን ይቆዩ። እውነተኛ ዕቃ በማግሥቱም ይገኛል።»

አይቸው እያንዳንዱን በጥሞና ሰማ። ከዚያም፣ «ይህን ሁሉ የት ተማርሽው? እዚያው ጎንደር ነው?» አላት።

ሕሊና አንገቷን ደፋች። «ከመጻሕፍት ነው» አለች።

ልትሸፍነኝ መሆኑን አወቅሁ። ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር። አይቸውም ሳያውቅ ያልፍ ነበር፤ የሠላሳ ዓመት ወዳጅነታችንም ሳይነካ ይቆይ ነበር። ዝም ለማለት ፈልጌም ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ነገር ግን አንዲት ልጅ ሐፍረቷን ሁሉ በፊቴ ስታወጣ የእኔን ደግሞ በላይዋ ጨምራ ስትሸከም ማየት ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

«ከመጻሕፍት አይደለም» አልሁ። «እኔ ነኝ ያስተማርኋት። አይቸው፣ መጀመሪያ የተዋወቅንበትን ቀን ያስታውሳሉ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ? ወደ ሳንቃ በር የተመደብሁ ሰሞን ነው። ባና ልገዛ መጥቼ።»

«ፊትዎ አንድ ሰው ቆሞ ነበር።»

«አዎን። ግራጫውን ባና ይዞ ያገላብጥ ነበር። ገንዘብ ሊያመጣ ሄደ፤ እስኪመለስ ብጠብቅ ብጠብቅ ገበያው ተበተነ። ባዶ እጄን ተመለስሁ። በሳምንቱ መጥቼ እርስዎ ሸጡልኝ።»

«ያ ሰው ገዱ ይባላል። የአጎቴ ልጅ ነበር። ገዢ አልነበረም፤ ሰው እንዲቻኮል እኔ ያቆምሁት ነው። እርስዎ ግን አልተቻኮሉም። ያንን ሳምንት በዚያ ብርድ ያለ ባና ያሳለፉት በእኔ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ ሁሉ ልነግርዎ አስብና እተወዋለሁ።»

አይቸው ጋቢውን ከአፉ አወረደ። ከውጭ የጋሪ ድምፅ አለፈ።

«ገዱ አለ?» አለኝ።

«ዐርፏል። ዘጠኝ ዓመት ሆነው።»

«እኔ እኮ ያንን ባና በለበስሁ ቁጥር የማስበው እሱን ነበር። ‹ገንዘብ ይዤ መጣሁ› ብሎ ሲሄድ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሳምንቱ ስገዛው፣ ያ ድሀ ገንዘብ ሲፈልግ እኔ ቀድሜ ወሰድሁበት ብዬ ስንት ዓመት እንደ ተጨነቅሁ እግዚአብሔር ያውቃል። አንድ ጊዜማ ለንስሓ አባቴ ተናግሬ ሰባት ቀን ሰግጄበታለሁ።»

እሱ ይህን ሲናገር በግማሽ ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ ግን ከዚያ በፊት በዕድሜዬ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ውሸቴ ከመንገደኛ ኪስ ጥቂት የሚያስወጣ ቀላል ጨዋታ ነው ብዬ ኖሬአለሁ። የቸኮለው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ይረሳዋል። ቅን የሆነው ሰው ግን እኔ የሠራሁትን ኃጢአት የራሱ አድርጎ ተሸክሞ፣ በእኔ ፈንታ ሲሰግድበት ኖሯል።

«ይቅር ይበሉኝ» አልሁት።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ይልቅ ፍራሹን እንጫነው፤ ሰዓቱ ሄደ። የእኔ ሰዓት ደግሞ ተመልሶ አይጀምርም።»

ሕሊና መጋዘኑን ዘግታ አብራን ወጣች። በጭነት መኪና እስከ መንደሩ መገንጠያ ሄድን። ከዚያ ፍራሹን በበቅሎ ጭነን ወደ አይቸው ቤት ወረድን። መንገዱን ሁሉ ሕሊና ፍራሹን በእጇ ደግፋ ሄደች።

ባንቻየሁ ግራ ጎኗ ላይ ተኝታ ነበር፤ በጀርባዋ መተኛት አትችልም። ፊቷ ከስቶ፣ ዓይኗ ግን እንደ ቀድሞው ንቁ ነው። ነርሷ ስንቄ ቁስሉን ልትጠርግ መጥታ ስለ ነበር፣ ከአይቸው ጋር ሆነው በሽተኛዋን አንሥተው ያዙልን። እኔና ሕሊና ገለባውን አውጥተን ፍራሹን ዘረጋን። ሕሊና መንፊያውን በእግሯ እየረገጠች አየር ሞላችው። ቁስሉን በዚያ መካከል አየሁት። መጠኑን ከመናገር እቆጠባለሁ። ሕሊናም አየችው፤ እግሯ ለጥቂት ጊዜ ቆመ፣ ከዚያ እንደ ገና መርገጥ ጀመረች።

ባንቻየሁ በአዲሱ ፍራሽ ላይ ከተጋደመች በኋላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያም ወደ ባሏ ዞራ፣ «ለመሆኑ ያቺ ነጠላ የለበሰችው ሴት አገኘች? ከእሷ ወስደህ እንዳይሆን» አለችው።

አይቸው ወደ ሕሊና ዞረ። ሕሊና ከአልጋው እግር ተንበረከከች።

«እማማ ባንቻየሁ፣ ሴትዮዋ የለችም። ሥዕል ናት። የሣልኋት እኔ ነኝ። ሰው እንዲቸኩል ብዬ ነው። ፍራሽ ሞልቶ ነበር።»

ስንቄ ፋሻዋን መጠቅለል አቆመች።

«የለችም?» አለች ባንቻየሁ። «እኔ እኮ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስጸልይላት ነበር። የእናቷን ስም ስለማላውቀው፣ የዚያች ሴት እናት እያልሁ።»

ሕሊና አለቀሰች። ባንቻየሁ እጇን ዘርግታ የልጅቱን ራስ ዳሰሰችና፣ «አንቺስ እናትሽ ማን ትባላለች?» አለቻት።

«የትናየት።»

«ደግ። እንግዲያ ከዛሬ ጀምሮ በስሟ እጠራታለሁ። የጸለይሁት ባዶ ቦታ እንዳይቀር።»

ሕሊና በማግሥቱ ሦስቱን ሰዎች ከስልኩ ሱቅ አወጣች። ሰዓቱንም፣ ታደለ የጻፈውን ምስጋናም አጠፋች። ታደለ ገበያ ይሞታል ብሎ ተከራከራት። በመጀመሪያው ወር በእርግጥ ሽያጩ ቀነሰ፤ ይህን አልሸሽግም። እሷ ግን አልተመለሰችም። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር በመጋዘን ያለውን እውነተኛ ብዛት ጻፈች፤ ዕቃው ለማን እንደሚጠቅምና ለማን እንደማይጠቅምም አከለችበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መወሰን ያቃተው ሰው ደውሎ የሚያነጋግረው ሰው እንዲኖር አደረገች። ከመካነ ብርሃን አለምነህ ለአባቱ ከገዛ በኋላ ለሁለት ጎረቤቶቹ ነገረ። ከድብ ባሕር ለመንደሩ ሰው ዕቃ የሚያደርሱ የመኪና ረዳቶች ይደውሉ ጀመር። ከቸኮለ በኋላ ተጸጽቶ ዕቃ የሚመልሰው ሰው ቀነሰ፤ በጥርጣሬ ቆሞ የነበረው ደግሞ ገባ። በስድስተኛው ወር ታደለ ራሱ በሱቁ መግቢያ ላይ ለማስገባት አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ አመጣላት። «ተረጋግተው ይምረጡ፤ የሚሻማዎ ሰው የለም» ይላል። እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

እኔም የድርሻዬን ለማድረግ ሞክሬአለሁ። በገበያ ቀን ባና ሻጮቹ ዘንድ እየተቀመጥሁ የገዱን ነገር እነግራቸዋለሁ። ወጣቶቹ ይስቃሉ። መጨረሻውን ሲሰሙ ግን ሳቃቸውን የሚያቆሙ አሉ። ዕቃን መልካም አድርጎ ማሳየት ሻጭ ሁሉ ሊማረው የሚገባ ጥበብ ነው። የሌለ ሰው አቁሞ ያለውን ሰው መግፋት ግን የሚጎዳው ከሁሉ አስቀድሞ ለሌላው የሚያስበውን ነው፤ አገርም የቆመችው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው።

የባንቻየሁ ቁስል ለመድረቅ አራት ወር ፈጀበት። አሁን በምርኩዝ እስከ ደጅ ትወጣለች። ነርሷ ስንቄ እንደ ነገረችን፣ ፍራሹ አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ቆዳዋ ብቻ ተልጦ በሦስት ሳምንት ይድን ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ ነበር። አይቸው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ፤ እንደ ሁልጊዜውም ሳቀ፣ አጫወተኝ። ባንቻየሁ ከፍራሹ ጠርዝ ላይ እንድቀመጥ ጋበዘችኝ። የልጅ ልጄን እናት ስም ጠርታ እንደምን ናት አለችኝ። በደኅና ናት ብዬ ተቀመጥሁና እጄን ከአልጋው ላይ አሳረፍሁ። ከመዳፌ ሥር ሻካራ ነገር ተሰማኝ። ዝቅ ብዬ ባየው ያ ግራጫ ባና ነው፤ በሠላሳ ዓመት ጠርዙ አልቆ፣ በሁለት ቦታ ተጥፎ፣ ዛሬም እግሯን ይሸፍናል።

እጄን ቀስ ብዬ አነሣሁና ጉልበቴ ላይ አደረግሁት።